ከጋሪው ኋላ የተበተነ አመድ

እንግዲህ ሚልዳ አልተኛችም። እንዴት አድርጋ ትተኛ? ሌሊቱን ሙሉ በአረጋውያኑ ቤት የሰው እናትና የሰው አባት ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ውሃ ስታጎነጭ አድራ፣ ጠዋት ገብታ የመስኮቱን መከለያ እስከ ታች አውርዳ ተጋደመች፤ ይኸው ቀትር ሆነ፣ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው። ውጪው እሑድ ነው። በዚህች ሆይስባኽ በምትባል የጀርመን መንደር እሑድ ደግሞ ዝምታው ራሱ ሕግ ነው፤ ገና የመጣች ሰሞን ምንጣፏን አውጥታ ብታራግፍ የጎረቤት መስኮት ተከፈተና «እመቤት፣ ዛሬ እሑድ ነው!» ተባለች፣ እሑድን የማታውቅ ይመስል፣ እናቷ አማልያ እዚያ የካዛኮች ሜዳ ላይ፣ ቄስ በሌለበት፣ መዝሙር በሚያሳስርበት ዘመን፣ እሑድን እንደ ሕፃን በጉያዋ ሸሽጋ ያላሳደገችው ይመስል። እዚያ «ጀርመን» ብለው ድንጋይ የወረወሩባት፣ እዚህ «ሩስያዋ» ትባላለች። ምን ላድርጋችሁ፣ አንዳንዱ ሰው የተፈጠረው ከበሩ መቃን ሥር ነው፤ ከወዲህም ከወዲያም የሚነፍሰው ነፋስ የእሱ ነው።

እና ዛሬ መደወል አለባት። ዛሬ ነው ቀኑ። ከእናቷ ጎረቤት ኩልያሽ የምትባል ካዛኪት አለች፤ በዚያ ጎዳና የሚሠራ ስልክ ያለው እሷ ቤት ብቻ ነው። የኩልያሽ የወንድም ልጅ የአማልያን ቤት ሊገዛ ፈልጎ እሺታውን ወይም እምቢታውን እስከ ዛሬ ማታ ስጡኝ ብሏል፤ ሚስቱ ልትወልድበት ነው፣ አይፈረድበትም። አማልያ ደግሞ ቃሏን የምትሰጠው ሚልዳ የምትላትን ሰምታ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገሩ እንዲህ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ሁለቱም ሊመጡ ወረቀቱ አልቆ፣ ሻንጣው ታስሮ፣ አውቶቡሱ ደጅ ቆሞ ሳለ አማልያ ሣጥኗ ላይ ቁጭ አለችና አልነሳም አለች። ሚልዳ ለመነቻት፣ ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ፣ ኩልያሽ አለቀሰች፣ እሷ ንቅንቅ የለም። «ሂጂና እዪ» አለች። «የሩስያ ንግሥት አያቶቻችንን ስትጠራቸው ከጀርመን ትተውት የመጡትን ቦታ ፈልጊ። የወገኖቻችንን ደጅ ካገኘሽ እመጣለሁ። ካላገኘሽ ከአባትሽ ጎን እተኛለሁ፤ እሱ ቢያንስ ያውቀኛል።» ይኼው ነው። ሚልዳም ሄደች። ከምድጃው አንድ አካፋ አመድ አፍሳ እናቷ ከአውቶቡሱ ኋላ በተነችላት፣ «መንገዱ ይለስልስልሽ» ብላ፤ የእነሱ ቤት ምርቃት ነው፣ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ፣ ካዛኮቹ ውሃ ሲረጩ፣ ሩስያዎቹ ከጉዞ በፊት ዝም ብለው ቁጭ ሲሉ፣ የቬትሰል ዘር አመድ ይበትናል። እናቷ ቬትሰል ናት፣ የአማልያ አባት ቤት ስም ነው። ሚልዳ የሞተ ባሏን ስም ይዛ ባወር ትባላለች።

በኋለኛው መስኮት አየቻት እኮ። አመዱ ተነሥቶ ሸፈናት፣ ከዚያ ጭንቅላቷ ላይ ያለው ነጭ ሻሽ ብቻ ቀረ፣ ከዚያ እሱም የለም።

ለመሆኑ ሆይስባኽን እንዴት አገኘችው? በእናቷ ወሬ ነው ያገኘችው። ስሙ አንድ ነው እንጂ በዚህ አገር ሦስት ሆይስባኽ አለ፤ በዕረፍት ቀኗ በአውቶቡስ እየዞረች፣ ቲኬቱን ከማሽን መግዛት ያቃታት ጊዜ በእግሯ እየሄደች፣ ሦስቱንም አይታለች። የመጀመሪያው ሜዳ ላይ ነው፣ አይደለም። ሁለተኛው ፋብሪካ በልቶታል። ሦስተኛው ጋ ከአውቶቡስ ወርዳ ዙሪያዋን አየች። እናቷ ለእንቅልፍ ስታወራላት የኖረችው ያ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ለሁለት የሚከፈል ወንዝ፣ ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ፣ እንደ ተኛች ላም ያለ ኮረብታ ቀንዱ ሳይቀር። እናቷ አላየችውም፣ የእናቷም እናት አላየችውም፣ የሁሉም ትውልዳቸው ሩስያ፣ ቮልጋ ወንዝ ዳር ነው፤ ግን ላሟ እዚያው ተኝታለች። ያን ቀን ጉልበቷ እስኪርስ ሣሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ አንድ ውሻ የያዘ ሰውዬ «ደህና ነሽ?» ሳይሆን «እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» አላት፣ እሷም ተነሥታ ይቅርታ ጠየቀችው። ወዲያው እዚያው አረጋውያን ቤት ሥራ ጠይቃ ገባች። የሰው ቂጥ ለማጠብ ማንም ምስክር ወረቀት አይጠይቅም አለች ለእናቷ በስልክ፣ ሳቁ፤ መንደሩን ማግኘቷን ግን ደጁ እስኪገኝ ብላ ደበቀች።

ቤት ያከራያት አቶ ኦስቫልድ ነው። ጡረታ የወጣ ግንበኛ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ክፉ ሰው አይደለም። ቆሻሻዋን በአራት ቀለም በርሜል ለይታ መጣሏን ክዳኑን እየከፈተ ያያል፣ ቅዳሜ ደጅ ካልጠረገች መጥረጊያውን በሯ ላይ ያቆምላታል፣ ግን ፖም ሲለቅም ለእሷም በቅርጫት ያስቀምጣል። የመንደሩን ታሪክ የሚያውቅ እሱ ነው። የድሮውን የዳቦ መጋገሪያ ቤት በገዛ እጁ አድሶ ማረሻ፣ የተልባ ማበጠሪያ፣ የሕፃን አልጋ ሰብስቦበታል፤ የማን ቤት መቼ ተቃጠለ፣ ደወሉን ማን አሠራ፣ ጠይቁት። ሚልዳም ሻይ እያፈላችለት ትጠይቀዋለች፣ የቬትሰልን ስም ግን ከአፏ አታወጣም። ለምን? ልማድ ነዋ። የጀርመን ስም ጮክ ብለሽ ከተናገርሽ በሌሊት የሚመጣ ሰው አለ፤ ያ ፍርሃት ዕቃ አይደለም ድንበር ላይ አይራገፍም። ደግሞም ደጁን ካገኘችው በኋላ፣ በሩ ላይ ቆማ ነበር ልትለው ያሰበችው።

«አቶ ኦስቫልድ፣ ከዚህ መንደር ወደ ሩስያ የሄዱ ሰዎች አሉ ይባላል?»

«ከሆይስባኽ?» ሳቀ። «ወይዘሮ ባወር፣ ከሆይስባኽ ደህና ሰው አይወጣም። ለምን ብሎ ይወጣል? ወንዝ አለ፣ እንጨት አለ።»

«በድሮ ጊዜ ማለቴ ነው። ንግሥቲቱ ስትጠራ።»

«ንግሥት ደግሞ የሆይስባኽን ሰው ከየት አውቃው ትጠራዋለች!»

እሷም ሻዩን ጨመረችለት። አያውቅም አለች በልቧ። ሽማግሌ ሁሉን አያውቅም፣ የኛ ሰዎች ከሄዱ ከመቆየታቸው የተነሣ ተረስተዋል፣ እኔ አስታውሳቸዋለሁ።

አይ ልጄ። ቢረሷቸው ምናለ።

ትናንት ነው። ትናንት ቅዳሜ፣ በረዶው እየቀለጠ፣ ጭቃው እንደ ገንፎ እየሆነ፣ የጋሪው ሽኝት የሚሉት በዓላቸው ነበር፤ ከዐቢይ ጾም በፊት በየዓመቱ ያደርጉታል። ያለፉትን ዓመታት ሥራ ላይ ሆና አላየችውም፣ በመስኮት ጥሩንባ ሰምታ አልፋለች። ትናንት ግን አቶ ኦስቫልድ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ጎትቶ አወጣት። መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወጥቷል፣ ሴቶቹ በስብ ጠብሰው ስኳር የነሰነሱበትን ኬክ በትሪ ያድላሉ፣ ልጆች ፊታቸውን ጥላሸት ተቀብተዋል። አንድ ኬክ አስያዟት፣ ትኩስ ነው፣ ስኳሩ አገጯ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ ጥሩንባውና ከበሮው ጆሮ እስኪደነቁር ተነሣ፣ ከጥጉ ዞሮ በላም የሚጎተት ጋሪ ብቅ አለ፣ ጋሪው ላይ የገለባ ሰዎች፣ አባት፣ እናት፣ ትልልቅና ትንንሽ ልጆች፣ ቡትቶ ለብሰው፣ ከፊት መጥረጊያ ተሰቅሎ። ሕዝቡም ከጋሪው ኋላ አመድ መበተን ጀመረ።

አመድ! ሚልዳ እንዴት አድርጋ እንደ ደነገጠች፣ እንዴት አድርጋ ደስ እንዳላት ምን ብዬ ልንገራችሁ። ይኸው! ይኸው እኮ የኛ ምርቃት፣ በዓለም ላይ ማንም የማያውቀው፣ ካዛክ የሣቀበት፣ የሩስያ ጎረቤት «አስማት ነው» ብሎ የከሰሰበት፣ ይኸው እናት መንደሩ ላይ፣ ይኸው ሁሉም ሰው፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም! ማማ አልተሳሳተችም፣ ከዚህ ነን፣ በደም በአጥንት ከዚህ ነን። አቶ ኦስቫልድ ከባልዲ አፍሶ በአካፋ ሰጣት፣ «እርስዎም ይበትኑ እንጂ፣ አሁን እኮ የኛው ሰው ነዎት!» አላት፤ ሦስት ዓመት የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር። ወሰደችና በተነች። ሮጣ ነው የበተነችው፣ ኬኳ ጭቃ ላይ ወድቆ፣ ነጠላ ጫማዋ አንዱ ቀርቶ፣ እንባዋ በአመዱ ላይ እየወረደ፣ «መንገዱ ይለስልስላችሁ! መንገዱ ይለስልስላችሁ!» እያለች። ሰዎቹ ወደዷት፣ አጨበጨቡላት።

ጥሩንባው አረፈ። የልጆቹ ዜማ ብቻ ቀረ።

«ቬትሰል ውጣ፣ አመድ ጠጣ፣
ዳግመኛ እንዳትመጣ!»

አካፋው እጇ ላይ ነው። እንደገና አሉት። እንደገና። አንዲት እናት የታቀፈችውን ልጅ እጅ ይዛ እያስጨበጨበች ታስጠናዋለች፣ ገና መናገር ያልጀመረ።

«ቬትሰል ማነው?» አለች። ድምፁ የእሷ አይመስላትም።

«እህ! ይህን እስከ ዛሬ ሳልነግርዎት?» አቶ ኦስቫልድ አፉን ከስኳር ጠረገ። «መጥረጊያ ሠሪ ነበር። ከድልድዩ ማዶ፣ ጉድባው ዳር ጎጆ ነበረችው። ክፉ ዘመን ነው፣ ራብ ነው፤ ሰውዬው ልጅ እንደ ጥንቸል ይፈለፍላል፣ በየበሩ ዳቦ ይለምናል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ቢመክሩ፣ ይህንን ሁሉ አፍ እኛ ነን የምንቀልበው? አሉና አንድ ማለዳ ጋሪ ላይ ጫኗቸው። እስከ ድንበሩ ድንጋይ ሸኟቸው። እንዳይመለሱ ደግሞ አመድ ከኋላቸው፣ አመድ ያለፈበት መንገድ ለሂያጁ ይጠፋበታል ይላሉ አባቶቻችን። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሱም!» ብሎ ከት ብሎ ሣቀ፣ ክንዷን መታ አደረጋት።

«የት ሄዱ?»

«ማን?»

«ሰዎቹ።»

አየት አደረጋት፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆት የሚያውቅ እንደሌለ። «ጭስ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አለ እንዴ ወይዘሮ ባወር?» አለ። «ኬክ ወደቀብዎት፣ ሌላ ላምጣልዎት።»

የቬትሰል ጎጆ የነበረችበት ዛሬ የእሳት አደጋ መኪና ማቆሚያ ነው። በየቀኑ ለሥራ ስትሄድ የምታልፍበት።

እና አሁን ተጋድማ ጣሪያውን እያየች የምትቆጥረው ምን ይመስላችኋል? የተሸኙትን ነው። ወንድ አያቷን ለጉልበት ሥራ ሲወስዱት ሴት አያቷ አመድ በተነችለት፣ አልተመለሰም። አጎቷ ፊልጶስ ወደ ማዕድን ጉድጓዱ ሲሄድ፣ በአመድ፣ አልተመለሰም። በጦርነቱ ጊዜ፣ ጀርመን ናችሁ ብለው ከቮልጋ ነቅለው ወደ ካዛኮች ሜዳ በሚሄድ የጭነት ባቡር ላይ ሲጥሏቸው እንኳ ሴቶቹ ወደ ኋላ ሮጠው ከምድጃ አፍሰው ለየራሳቸው በተኑ፤ ማማ ትናገር ነበር፣ ትኮራበት ነበር፣ ወታደሩ ሣቀብን እኛ ግን ሥርዓታችንን አልተውንም ትል ነበር። ያ መጥረጊያ ሠሪ ጋሪው ላይ ሆኖ ምን ነገራቸው ለልጆቹ? አባት አይደል? ትንሿ «አባዬ፣ ለምን አመድ ይበትኑብናል?» ስትለው ምን ይበላት? «ሊመርቁን ነው ልጄ» አላት መቼም። ሌላ ምን ይላል። «ወዴት ነው የምንሄደው?» ስትለው ደግሞ «ንግሥት ጠርታናለች»። ደግ ውሸት ነው፤ ደግ ውሸት ደግሞ ዕድሜው ከክፉ ውሸት ይረዝማል፣ ማንም አይመረምረውማ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሚወዱትን ሰው በገዛ እጃቸው ሲያባርሩ ኖሩ። እሷም ትናንት፣ በጭብጨባ።

ሰዓቱ ደረሰ። እዚያ አሁን መሽቷል። በጨለማው ክፍል የስልክ ካርዱን ረጅም ቁጥር በጣቷ ጫፍ እየተከተለች ደወለች። የምትለውን አዘጋጅታለች፤ አረንጓዴ በር፣ ደጁ ላይ የሎሚ ሽታ ያለው ዛፍ፣ ሳንቃው ላይ ቬትሰል የሚል የተቀረጸበት፣ ነይ ማማ። ሁሉን በሐሳቧ ሠርታ ጨርሳለች፣ መጋረጃው ሳይቀር።

«ሃሎ! ሃሎ! ጮክ በይ እንጂ፣ ጀርመን ገብተሽ ድምፅሽ ቀጠነ!» ኩልያሽ ናት። «እናትሽ ከጠዋት ጀምራ ስልኬን እንደ ዶሮ ታቅፋዋለች፤ ትንሽ ብትቆዪ ጫጩት ይወጣው ነበር።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ትላለች! ትናንት ጣሪያ ወጥታ በረዶ ስትጠርግ አገኘኋት። ውረጂ አንቺ አሮጊት ብላት 'የወንድምሽ ልጅ ደረቅ ጣሪያ ይገዛ እንጂ፣ ምን አገባሽ' አለችኝ። ቆይ፣ ቆይ፣ ልትነጥቀኝ ነው።»

«ሚልዳዬ። በልተሻል?»

«በልቻለሁ ማማ።»

«ውሸታም። አገኘሻቸው?»

ሚልዳ አፏን ከፈተች። አረንጓዴው በር ምላሷ ላይ ነበር። ከዚያ ምን እንደታያት ልንገራችሁ፤ የከርሞ ቅዳሜ ታያት፣ ማማ ነጩን ሻሿን አስራ ደጅ ቆማለች፣ ጋሪው ሲመጣ ደስታ ይዟት አካፋውን ትነጥቃለች፣ ትሮጣለች፣ በዚያ አሮጊት እግሯ። ሕዝቡም ያጨበጭባል። እንዲህ አድርጋ ልታመጣት ነው? በሩ ምላሷ ላይ ተዘጋ።

«ቦታውን አገኘሁት። ላሟም አለች፣ ድልድዩም አለ። ማማ፣ ንግሥት አልጠራቻቸውም። ድሆች ነበሩ። ዳቦ ለመኑ፣ መንደሩ ጋሪ ላይ ጭኖ አባረራቸው። ደጅም የለን። ጉድባ ዳር ጎጆ ነበረች፣ እሷም የለች። ሰዎቹ ዛሬም ይሥቁባቸዋል።» አመዱን አልነገረቻትም። እሱ ከእሷ ጋር ይቀበር።

ከወዲያ የኩልያሽ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ አንድ ሰው ይዘፍናል።

«ማማ?»

«እፎይ» አለች አማልያ።

«ምን አልሽ?»

«እፎይ አልኩ። ሦስት ዓመት ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይል ነበር፣ አገኘችው ብዬ። ልጄ፣ እኔ ከዚህ አልነሣም። በልጅነቴ አንድ ጊዜ አንሥተው ባቡር ላይ ጫኑኝ። ሁለተኛ በገዛ እግሬ አልጫንም። ኩልያሽ! ቤቱ አይሸጥም በይው ለዚያ ልጅ! መቼም ይቀየመኛል፣ ለሚስቱ ሾርባ እወስድላታለሁ።»

«ታዲያ እኔን ፈልጊ ያልሽኝ ለምንድነው?» ሚልዳ ጮኸች፣ እሑድ ነው፣ ይስሙ። «እኔ እኮ ለአንቺ ነው የመጣሁት! ሦስት ዓመት የሰው ቂጥ ያጠብኩት ለአንቺ ነው!»

«አልሄድም ብልሽ ኖሮ ትሄጂ ነበር?»

«አልሄድም ነበር!»

«እኮ። እዚህ ቀርተሽ ምን ልትሆኚ? ከእኔ ጋር በረዶ ልትጠርጊ? ባዶ እጁን የሄደ ሰው ከመንገድ ይመለሳል። የምትፈልጊው ነገር ሰጠሁሽ።»

«እኔ አንቺን ነበር የምፈልገው።»

«ነያ እንግዲህ» አለች አማልያ፣ ቀስ ብላ፣ «ቤትሽ ነው።»

«ለመምጣት እኮ ቪዛ ያስፈልገኛል ማማ። የእዚያን ዜግነት መልሼ ነው የመጣሁት።»

«እናትሽ ቤት ለመግባት? ኩልያሽ፣ ስሚልኝ ይቺን! እኔ ቤት ለመግባት ቪዛ!» ሣቀች አማልያ፣ እስክታስል ሣቀች፣ ኩልያሽም ከኋላ ሣቀች፣ ሚልዳም ሣቀች መሰለኝ፣ እንዲያ ያለ ድምፅ ነው ያወጣችው። ከዚያ ካርዱ አለቀ። አንዲት ሴት በጥሩ ጀርመንኛ ሂሳቧ ማለቁን ነገረቻት።

ማታ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሌላ ምን ታደርጋለች። በእሳት አደጋው መኪና ማቆሚያ በኩል ሳይሆን በላይኛው መንገድ ዞራ ሄደች፣ ዘገየች፣ ስለ መዘግየቷም ተቆጧት። የመጨረሻው ክፍል ሄድቪግ የምትባል አሮጊት ናት፤ ዘጠና ያለፋት፣ እዚያው መንደር ተወልዳ ከእዚያው ያልወጣች፣ አእምሮዋ የመጣው ሲመጣ የሄደው ሲሄድ የሚውል። ሚልዳ ሞቅ ያለ ውሃ ቀድታ ጀርባዋን ታብሳታለች። ጀርባዋ እንደ ወረቀት ነው፣ እንደ ማንኛውም አሮጊት ጀርባ፣ እንደ እናቷም።

«የማን ነሽ አንቺ?» አለች ሄድቪግ። በሆይስባኽ ሰው ስምሽን አይጠይቅሽም፣ የማን እንደሆንሽ ነው። ሚልዳ ሌላ ቀን ዝም ነበር የምትለው።

«የቬትሰል ነኝ» አለች።

ጨርቁ ሳህኑ ላይ ይንጠባጠባል። ሚልዳ ዜማውን ጠበቀች፣ ሣቁን ጠበቀች፤ ይምጣ፣ ዛሬ ያልመጣ መቼ ሊመጣ ነው አለች። አሮጊቷ ግን ዞር ብላ አየቻት፣ ለረጅም ጊዜ አየቻት፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መመለስሽን አይተውሻል?»

«ማን?»

«እነሱ።»

«ማንም አላየኝም።»

«በጓሮ በኩል ሂጂ። የወንዙን ዳር ይዘሽ። ውሻችን አይጮኽም፣ አስሬዋለሁ።» ከትሪው ላይ የተረፈውን ቁራሽ ዳቦ አነሣችና የሚልዳ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ጠቀጠቀችው። «ቶሎ በይ አንቺ ልጅ።»

ሚልዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አልሄድም» አለች። «የምሄድበት የለኝም።»

ሄድቪግ አሰበች። ከባድ ነገር እንደሚወስን ሰው ከንፈሯን ነክሳ፣ በሩን እያየች አሰበች።

«እንግዲያው መብራቱን አጥፊው» አለቻት።